ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም (1791 ዓ.ም. ገደማ – 1859 ዓ.ም. ገደማ) በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ስሜንንና ትግራይን የገዙ መስፍን ነበሩ። ሥልጣናቸውን ሁሉ ሁለት ጊዜ በአንድ ቀን ጦርነት ላይ አስይዘዋል። በመጀመሪያው ያጡትን መልሰው አገኙ፤ በሁለተኛው ግን ምንም አልተረፋቸውም።

ወደ ሥልጣን መምጣት

ዛሬ ደባርቅ፣ ጊችና ጃናሞራ የሚገኙበት የስሜን አገር የአባታቸው የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ግዛት ነበር። ውቤ አባታቸው ሲሞቱ በ1818 ዓ.ም. ገደማ ስሜንን ያዙ። በ1823 ዓ.ም. ከየጁው ራስ ማርዬ ጋር ተሰልፈው በደብረ ዓባይ የትግራዩን ደጃዝማች ሰባጋድስን ካሸነፉ በኋላ ትግራይን ጨመሩ። በዚህም ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን የንግድ መንገድና የጠመንጃ መግቢያ በር ተቆጣጠሩ።

የደብረ ታቦር ጦርነት

በ1834 ዓ.ም. አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከግብፅ ሲመጡ ውቤ ድጋፋቸውን አግኝተው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። በየካቲት ወር ደብረ ታቦር ላይ ድል ቀንቷቸው ዓሊ ሸሹ። ነገር ግን ውቤ ድላቸውን ሲያከብሩ የዓሊ ደጋፊ ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ማረካቸው። ከድርድር በኋላ ተፈትተው ግዛታቸውን መልሰው ያዙ።

ደረስጌ

ውቤ የዘውድ ሐሳባቸውን አልተዉም። በጃናሞራ በጀርመን ባለሙያዎች እርዳታ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የታሰበውም ለራሳቸው ንግሥ እንደነበር ይነገራል።

በዚህ መካከል ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አደረጉ። ቀጥሎም አቡነ ሰላማ ከካሳ ጋር ተስማሙ። በሰሜን ካሳን የሚገዳደር ኃያል መስፍን ውቤ ብቻ ቀሩ። ካሳ ወደ ስሜን ሲዘምቱ ሁለቱ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ አጠገብ ተጋጠሙ። ስሜን፣ ትግራይ፣ ለዓመታት የተከማቸው ብርና ጠመንጃ፣ የታሰበውም ዘውድ በዚያ ቀን ውጤት ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ካሳ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የመጨረሻ ዘመን

ውቤ ወደ ሥልጣን ሳይመለሱ አረፉ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ዓፄ ቴዎድሮስን አግብተው በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ።