ከሞግዚት ተረት እስከ አኒሜሽን ፊልም፦ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ሕይወትና ለቋራ የሚሰጠው ትምህርት

በቃል የሚነገር ተረት ወደ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ ፊልም የሚሸጋገረው አስቀድሞ የመዘገበው ሰው ሲኖር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በሩሲያዊው ባለቅኔ በአሌክሳንደር ፑሽኪን ሕይወት ይመለከታል።

ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1799 ሞስኮ ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ፣ በኋላም እስከ ጄኔራልነት የደረሰ ሰው ነበር። የጋኒባልን የትውልድ ስፍራ አኑቺን የተባለው ሩሲያዊ ምሁር በ1899 ባሳተመው ጥናት በመረብ ወንዝ አካባቢ ሲያደርገው፣ የኋላ ጥናቶች ግን ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ወደምትገኘው ሎጎኔ ያመለክታሉ።

በዚያ ዘመን የመኳንንቱ መነጋገሪያ ፈረንሳይኛ ነበርና ፑሽኪንም በልጅነቱ በብዛት ያነበበው የፈረንሳይ መጻሕፍትን ነው። የገጠሩን ሩሲያኛ ካስለመዱት ሰዎች አንዷ ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭና ነበረች። እርሷም ከገባር ቤተሰብ የተወለደች ሴት ናት።

በግጥሞቹ ምክንያት በ1820 ከዋና ከተማው የተባረረው ፑሽኪን ከ1824 እስከ 1826 በእናቱ ርስት በሚኻይሎቭስኮዬ በግዞት ተቀመጠ። በዚያም የሞግዚቱን ተረቶች እየሰማ በማስታወሻ ደብተሩ መዘገበ። ከእነዚህ አንዱ፣ እናትና ልጅ በርሜል ውስጥ ታሽገው ወደ ባሕር የሚጣሉበት ታሪክ፣ በ1831 የንጉሥ ሳልታን ተረት ሆኖ በግጥም ተጻፈ። አሪና ግን በ1828 ስላረፈች ይህን አላየችም። ፑሽኪንም በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ በ37 ዓመቱ ሞተ።

መጽሐፉ ግን የልጆች መጽሐፍ ሆኖ ኖረ። በ1984 ሶዩዝሙልትፊልም የተባለው የሞስኮ ስቱዲዮ፣ በኢቫን ኢቫኖቭ-ቫኖና በሌቭ ሚልቺን አዘጋጅነት፣ ለቤተሰብ የሚሆን አኒሜሽን ፊልም አድርጎ ሠራው።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ፍሬ ነገር ገለጉን ማዕከሉ ላደረገው ለቋራ ወረዳም ይሠራል። በዚህ ቆላ አማርኛና ጉሙዝኛ የሚናገሩ አረጋውያን ለልጆች የሚነግሩት ተረት አላቸው። ፊልም ለመሥራት ገንዘብና ስቱዲዮ ያስፈልጋል፤ ተረት ለመመዝገብ ግን ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ተረቱን በተነገረበት ቋንቋ፣ ከተራኪው ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ሊጽፈው ይገባል። ፊልሙ ሊዘገይ ይችላል፤ ተራኪው ካለፈ በኋላ ግን ተረቱን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።