ዮሲፕ ዩርቺች፦ በልብ ወለድና በጋዜጣ መካከል

የስሎቬንኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ «አሥረኛው ወንድም» እ.ኤ.አ. በ1866 ሲታተም ደራሲው ዮሲፕ ዩርቺች ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በዘመኑ ስሎቬኖች በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥታዊ አገዛዝ ሥር ይኖሩ ነበር፤ የአስተዳደሩና የከፍተኛ ትምህርቱ ቋንቋም ጀርመንኛ ነበር። ቋንቋቸው በፍራንሴ ፕሬሼረን አማካይነት ታላቅ ግጥም ያገኘ ቢሆንም ዝርው ጽሑፉ ገና ለጋ ነበር።

ዩርቺች እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1844 ሙልያቫ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከአያቱ አንደበት የሰማቸው ተረቶች የድርሰቱ የመጀመሪያ ምንጭ ሆኑ። ሐያሲው ፍራን ሌቭስቲክ በ1858 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ጸሐፍያን ከሕዝቡ ኑሮና አነጋገር እንዲቀዱ አሳስቦ ነበር፤ ምክሩን በተግባር የገለጠው ይህ የገጠር ልጅ ነው። የዋልተር ስኮት ተጽዕኖም በሥራው ላይ በግልጽ ይታያል።

የልብ ወለዱ ርእስ የተወሰደው አሥረኛ ሆኖ የተወለደ ወንድ ልጅ ከቤት ወደ ቤት እየተንከራተተ እንዲኖር ተፈርዶበታል ከሚለው የሕዝብ እምነት ነው። ዋናው ባለታሪክ ሎቭሮ ክቫስ በአንድ የመኳንንት ቤት የተቀጠረ ወጣት አስተማሪ ሲሆን የጌታውን ልጅ ያፈቅራል። በእርግጥ ሎቭሮ ደብዛዛ ገጸ ባሕርይ ነው። የመጽሐፉ ሕይወት ያለው በዳር ባሉት ሰዎች ዘንድ ነው፦ አባቱ በካደው በተንከራታቹ ማርቲን ስፓክ፣ እንዲሁም ሰይጣንን ለሁለት ቆረጥሁት እያለ በሚያወራው ጎጆ ነዋሪ በክርያቬል። ዩርቺች የሚያውቀውን አነጋገር ሲጽፍ ብዕሩ ይፈታል፤ የሳሎን ፍቅር ሲጽፍ ግን ይተሳሰራል።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ትምህርት በገንዘብ እጦት ምክንያት አቋረጠ። ከዚያ በኋላ እንጀራው ጋዜጠኝነት ሆነ። «ስሎቬንስኪ ናሮድ» የተባለው ጋዜጣ በ1868 በማሪቦር ተመሥርቶ ነበር፤ አዘጋጁ አንቶን ቶምሺች በ1871 ሲሞት ኃላፊነቱ በዩርቺች ላይ ወደቀ። ጋዜጣው በ1872 ወደ ሉብሊያና ተዛወረ፤ በ1873 ደግሞ ዕለታዊ ሆነ። ዕለታዊ ጋዜጣ ፋታ አይሰጥም። ደራሲው የፖለቲካ ጽሑፍ ያዘጋጅ፣ በዚያው ጋዜጣ የሚወጡ ትረካዎችንም ይጽፍ ነበር። በኋለኞቹ ሥራዎቹ የሚታየው ጥድፊያ ከችሎታ ማነስ ይልቅ ከዚህ አሠራር የመነጨ ይመስላል። በሌላ በኩል ግን ጋዜጣው የስሎቬንኛን ዝርው ጽሑፍ በየዕለቱ የሚያነብ ሕዝብ አፍርቶለታል፤ መጽሐፍ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ባልቻለም ነበር።

በ1881 መጀመሪያ ከያንኮ ኬርስኒክና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር «የሉብሊያና ደወል» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት መሠረተ። የሳንባ ነቀርሳ ግን ጊዜ አልሰጠውም፤ ሜይ 3 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ። ስለ ሽፍቶች የጀመረውን «ሮኮቭንያቺ» የተሰኘ ልብ ወለድ የፈጸመው ኬርስኒክ ነው።