ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት

በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ድምፁ መረጠ። ከዚያ አስቀድሞ፥ በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት፥ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድ ሴት ሳይል፥ የመምረጥ መብት ሰጠ። በዚህ ምርጫ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው በማሸነፍ በኢትዮጵያ ምክር ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩ፥ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፥ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጓድ አባላት አንዱ የነበሩ ታላቅ ሰው ናቸው። ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ከንቱ ድካም በሚታይበት በዚያ ዘመን ከንቲባ ገብሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ወይዘሮ ስንዱም በሎዛን ከተማ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው፥ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ አቅንተው ጎሬ ደረሱ። በዚያም በቀይ መስቀል ሥራ ከመሳተፋቸውም በላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ኋላም ተይዘው፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ከተጋዙት ኢትዮጵያውያን ጋር በሰርዴኛ አጠገብ በምትገኘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ስለዚህ ኋላ በምክር ቤት ስለ መብት ሲናገሩ፥ ነጻነት ማለት ምን እንደ ሆነ ያወቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ የያዙት ሥራ ማስተማር ነው። በመጀመሪያ በወሎ ዋና ከተማ በደሴ አገለገሉ። ደሴ በዚያን ጊዜ ከራያና ከየጁ፥ ከአምባሰልና ከወረኢሉ ለሚመጣው ሁሉ የአስተዳደርም የትምህርትም ማእከል ነበረች። ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝበት በዚያ መንገድ፥ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች፥ ሴት ልጅ ገና በለጋነቷ ለባል መሰጠቷ የተለመደ ነበር። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ቴያትር እየጻፉ ያሠሩ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ሥራቸውም ከዚሁ ዘመን የተገኘ ነው። ወደ ምክር ቤት የገቡት እንግዲህ የሴቶችን ጉዳይ በሥራቸው ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲያውቁት ቆይተው ነው።

የገቡበት ምክር ቤት ሥልጣኑ ምን ያህል እንደ ነበር መረዳት ያስፈልጋል። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ እያንዳንዱ እንደራሴ የሚቆመው በግሉ ነው። የምርጫው ወረዳ 200,000 ያህል ነዋሪ እንዲይዝ ተደርጎ ተከፍሎ፥ ከየወረዳው ሁለት እንደራሴ ይላክ ነበር። ሕግ የሚጸናው በሁለቱ ምክር ቤቶች ታይቶ በንጉሠ ነገሥቱ ሲጸድቅ ነው፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። አንድ እንደራሴ አዲስ ሕግ ለማቅረብ ብቻውን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ቢያንስ 10 አባላት እንዲተባበሩ ያዝዝ ነበር። በዚህ ሥርዓት አንዲት ሴት እንደራሴ የሴቶችን መብት የሚመለከት ሐሳብ እንኳ ለውይይት ለማቅረብ በቅድሚያ ሌሎች ዘጠኝ አባላትን ማሳመን ነበረባት። አብዛኞቹ ባለርስቶችና የአገር ሽማግሌዎች በሆኑበት በዚያ አዳራሽ ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ወይዘሮ ስንዱ የሴቶች እኩልነት በሕግ እንዲረጋገጥ በመከራከራቸው ከወንዶች ባልደረቦቻቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ይሁን እንጂ ይኸው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው። የሴትን እኩልነት በሕግ ለመቀበል የሚያመነታው ጉባኤ በሴት መመራትን መቀበሉ እንግዳ ቢመስልም፥ የዚያን ዘመን አስተሳሰብ በሚገባ ያሳያል፤ አንዲትን የተማረች ሴት ማክበር አንድ ነገር፥ የሁሉን ቤት ሥርዓት መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ያ ዘመን ታላላቅ ሕጎች የወጡበት ነበር። ከእነዚህም ዋናው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፥ 3,367 አንቀጾች ያሉት፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ በብዙ ረገድ አዲስ ነበር፤ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲመሠረት አዘዘ፥ የፍቺን ጉዳይም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ሰጠ። ነገር ግን በ635ኛው አንቀጽ ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑንና ሚስት ሕጋዊ ትእዛዙን መፈጸም እንዳለባት ደነገገ። የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። በሕገ መንግሥቱ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ የተሰጣት ሴት በፍትሐ ብሔሩ በቤቷ ውስጥ ታዛዥ ሆነች። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ በተመረጡበት የምክር ቤት ዘመን ይህ ሕግ መጽናቱ የእሳቸው ጉድለት አይደለም፤ አንድ ድምፅ ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ሸክም መኖሩን ያሳያል እንጂ።

በሌላ በኩል ሕጉ ቢታወጅም ወደ ገጠሩ ቤት ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በየጁና በሀብሩ ያለው ባላገር የትዳሩን ጉዳይ በሽማግሌ ይጨርስ ነበር፤ እስላሙም በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋሙት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ይዳኝ ነበር። በጽሑፍ የሰፈረው ሕግና ሰው የሚኖርበት ልማድ በሁለት መንገድ ሲሄዱ፥ በመካከላቸው ድልድይ የሚሆነው ትምህርት ነው። የወይዘሮ ስንዱ የምክር ቤት ሥራና የትምህርት ቤት ሥራ አንድ የሚሆነው በዚህ ነው።

የወይዘሮ ስንዱን መመረጥ ከዓለም ሁኔታ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ሎዛን በምትገኝበት በቮ ክፍለ ግዛት ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1951 ዓ.ም. ነው፤ በመላው ስዊዘርላንድ የፌዴራል ምርጫ ድምፅ የተሰጣቸውም በ1963 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ስንዱ በአገራቸው ምክር ቤት ወንበር ሲይዙ፥ ያስተማረቻቸው ከተማ ሴቶች ገና ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የጎደለው ሴትን የሚያስመርጥ ሕግ ሳይሆን፥ የተመረጠችዋ ሴት ብቻዋን እንዳትቀር የሚያደርግ የተማረ ሕዝብ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከምክር ቤቱ ወጥተው በምዕራብ ጀርመን፥ በቦን፥ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ለበርካታ ዓመታት አገለገሉ። ያገለገሉበት ምክር ቤትም በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደርግ ተዘጋ። እሳቸው ግን ዕድሜ ታድለው ብዙ ለውጥ አዩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የባልን አለቅነት ሲሽር፥ የሴትንም የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ከፍ ሲያደርግ፥ ወይዘሮ ስንዱ በሕይወት ነበሩ። ያ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለ ነበር፥ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ፤ ወልድያና ሀብሩም በዚህ ሕግ ሥር ገቡ። ከፍትሐ ብሔሩ መታወጅ እስከዚህ ድረስ 43 ዓመት አለፈ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፥ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ያዙ። ዘጠኝ ድጋፍ መፈለግ ግድ በነበረበት አዳራሽ የተጀመረው ሥራ እዚህ ደረሰ። የቁጥሩ መብዛት ብቻውን ግን ሥራውን አይጨርሰውም። አንዲት የየጁ ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት ከትምህርት ገበታ ተነሥታ ለባል በተሰጠች ቁጥር፥ ወይዘሮ ስንዱ የጀመሩት ክርክር ገና አልተዘጋም፤ በዚያ ክርክር ላይ ለመቆምም እንደራሴ መሆን አያስፈልግም።