ተግሣጽ ለሚያስተውል፤ የልጅ ኢያሱ ሕይወት

ምስጋና ሁሉ መንግሥቱ ለማያልፈው ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ አላህ ማስተዋልን ይስጥህና እወቅ፤ ያለፉት ሰዎች ሕይወት ለቀሩት መስታወት ነው። ዛሬ ከአዋሽ ከተማ ተነሥተህ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ስትጓዝ በጥቂት ሰዓት የምታቋርጠው ቆላ፥ ሰመራ ከመቆርቆሯ ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ለዘውድ የታጨ ሰው የተሸሸገበት አገር ነው። እርሱም የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ፥ ልጅ ኢያሱ ነው።

ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. በወሎ ተወለደ። አባቱ ራስ ሚካኤል አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ የሚባሉ ሙስሊም ባላባት ነበሩ፤ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ክርስትና ተነሡ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ሕፃን ሳለ ሞቱበት። በ1901 ዓ.ም.፥ ገና ብላቴና ሳለ፥ አያቱ በአዋጅ ወራሻቸው አደረጉት። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ አያቱም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እንዲህም ሆኖ ወጣቱ ዘውድ ሳይጭን ገዢ ሆነ፤ ደፍሮ የሚገሥጸውም አልነበረም። ገሣጭ ያጣ ወጣት ልጓም እንዳጣ ፈረስ ነውና አስተውል።

ፍርድህ ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ ከሥራው መልካሙንም ክፉውንም ስማ። ሙስሊሞች ከቤተ መንግሥት ርቀው በነበሩበት ዘመን ወደ እነርሱ ቀረበ፤ ከባላባቶቻቸውም ጋር በጋብቻ ተዛመደ። ነገር ግን በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ ዘምቶ እጅግ ብዙ ሰው በባርነት አስነዳ። ደግሞም በአዋሽ ዳር፥ በመልካ ሰዲ፥ በአፋርና በከረዩ መካከል ደም ስለ ፈሰሰ፥ አፋሮችን ሊቀጣ ጦር ይዞ ወረደ። አፋሮች ግን ከፊቱ ተበተኑ፤ ባለፈም ጊዜ ወደ ምድራቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ልቡ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበለ ተባለ፤ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣልያንም በዚህ ተቈጡ። በአዲስ አበባ ኢያሱ ሰልሟል የሚል ወሬ ከቤት ወደ ቤት ዞረ። እርሱ በሐረር ሳለ፥ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ መኳንንቱ ተሰብስበው ሻሩት፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ነገሡ። ልክ በወሩ፥ ጥቅምት 17 ቀን፥ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ።

ወንድሜ ሆይ፥ አሁን ልብ አድርገህ አንብብ። ኢያሱ በመቅደላና በወሎ እንደ ገና ለመነሣት ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ፤ በ1909 ዓ.ም. ማለቂያም ወደ አፋር ቆላ ወረደ። ትናንት ጦር ይዞ የመጣባቸው ሰዎች ዛሬ ስደተኛ ሆኖ ሲመጣባቸው በቀልን አላሰቡም፤ ጥላቸውን ሰጡት። የመንግሥት ወታደር እየፈለገው፥ በእነርሱ ዘንድ በተሸሸገበት ዘመን ሁሉ አልተያዘም። በግንቦት 1913 ዓ.ም. የተያዘው ወደ ትግራይ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያም በፍቼ ታሰረ፤ በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ረድተውት ቢያመልጥም ዳግመኛ ተያዘ፤ በሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። ጣልያን አገሪቱን በወረረበት ጊዜ፥ በኅዳር 1928 ዓ.ም.፥ እንደ ታሰረ ሞተ።

አንባቢ ሆይ፥ ጠላቶቹ ስለ ሃይማኖቱ በወሬ ፈረዱበት፤ ከወገኖቻችንም አንዳንዶች በዚያው ወሬ ይመኩበታል። ሁለቱም የአላህ ብቻ በሆነው በልብ ምስጢር ገብተዋል። አንተ ግን ወሬ ሲመጣልህ ሳትመረምር አትፍረድ፤ ወሬው ደስ ያሰኘህ እንደ ሆነ ደግሞ አብልጠህ መርምር። ሙስሊሞችን መውደዱን ስታነሣም የጊሚራን ሕዝብ እንባ አትርሳ፤ ወዳጅነት ግፍን አያጥብምና።

የአዋሽን ወንዝ ተመልከት፤ ከደጋ በብርታት ይወርዳል፥ ነገር ግን ባሕር ሳይደርስ በበረሃ፥ ጨዋማ በሆነው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በመንገዱ ግን መንጋን ያጠጣል፥ እርሻንም ያለመልማል። የዓለም ሥልጣንም ፍጻሜው እንዲሁ ነው፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው በመንገዱ ሳለ ለሌሎች ያደረገው በጎ ሥራ ብቻ ነው። ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈው እነዚያ የአፋር አርብቶ አደሮች ዘውድ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ለተሰደደ ሰው ያደረጉት ደግነት በጌታቸው ዘንድ አይጠፋም።

አላህ ምላሳችንን ከሐሜት፥ እጃችንን ከግፍ ይጠብቅ፤ ቤታችንንም ለስደተኛ ክፍት ያድርገው። አሚን።