ከበተኑ በፊትና በኋላ፦ የክሪስተን ኒጎር ሕይወት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ሰው ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ሳጉሬ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ረጅም ቅጽ ሞላሁ። በተኑን ስጫን ሁሉም ድራሹ ጠፋ። አስቀድሞ እርግጠኛ መሆኔን አልጠየቀኝ፣ ሲጨርስም መድረሱን አልነገረኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛዬ ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የበተኑን ዋና ሥራ ብቻ ጽፎ ከፊቱና ከኋላው መኖር ያለበትን ረስቷል ማለት ነው። የዚህን ሐሳብ ሥር ስፈልግ ነው እኚህን ኖርዌያዊ ያገኘኋቸው።

ክሪስተን ኒጎር በ1926 ኦስሎ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1948 በሀገራቸው የመከላከያ ምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ። እየሠሩ ተምረው በ1956 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ማስተርሳቸውን ያዙ። በ1960 ወደ ኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ተዛውረው ከኦሌ ዮሃን ዳል ጋር ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ። ዛሬ እነ ጃቫ የሚጠቀሙበት የክላስ አሠራር መነሻው በ1967 ይፋ የሆነው ሲሙላ 67 ነው።

ሲሙላ ውስጥ ኢነር የምትባል ቃል አለች። ለእኛ አገር ሰው በሩጫ ማስረዳት ይቀላል። አሰልጣኝ መጀመሪያ ሰውነት ያሟሙቃል፣ መጨረሻ ላይ ያፍታታል። መሃሉን ግን አንዱ በ5 ሺህ፣ ሌላው በማራቶን ልምምድ ይሞላዋል። ኢነር ማለት ያ መሃል ነው። ጠቅላላው ክላስ የፊቱንና የኋላውን አንዴ ይጽፋል፣ ዝርዝሩ ክላስ መሃሉን ያስገባል። ኒጎር ኋላ ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር በሠሩት ቤታ በተባለው ቋንቋ ይኸው ዘዴ ለተግባራትም እንዲሠራ ተደረገ። ለበተን ሲሆን፣ በፊት ፍተሻ፣ መሃል ሥራው፣ በኋላ ማረጋገጫ። መቶ በተን ቢኖርም ፍተሻው የሚጻፈው አንዴ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ሕይወታቸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆነው፣ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው ስለሚገባው ኮምፒውተር አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲደራደር ሠሩ። ይህን ሳነብ ያገሬ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሲሙላ 67 በወጣበት ዓመት ጭላሎ ላይ በስዊድን እርዳታ ካዱ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ፣ ምርትም ጨመረ። ትራክተር ሲበዛ ግን ብዙ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስነሱ። ጭሰኛው አስቀድሞ የሚደራደርበት ማኅበር አልነበረውም።

ኒጎር በ1994 ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል እንዳትሆን የተደረገውን ዘመቻ መርተው በሕዝበ ውሳኔው አሸነፉ። የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ከዳል ጋር ተካፈሉ። ዳል በሰኔ 2002፣ እሳቸው በነሐሴ አረፉ፤ በመካከሉ ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር።

እኔም ቅጹን ድጋሚ ሞላሁት። በዚህኛው ግን መጀመሪያ በወረቀት ገለበጥኩት፣ ጨርሼም ለጸሐፊዋ መድረሱን ጠየቅኳት። ፕሮግራሙ የረሳውን በፊትና በኋላ ራሴ ሠራሁት ማለት ነው።