ጃኪ ሮቢንሰንና የብሩክሊን ቡድን በ1947 ዓመት

ኃይለኛ ሰው ሲሰድቡት ቢማታ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የሚያስደንቀው ጉልበትም ቁጣም ሳያንሰው አንድ ዓመት ሙሉ በሕዝብ ፊት እየተሰደበ እጁን ሰብስቦ ሥራውን ብቻ የሠራ እንደ ሆነ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ የኳስ ተጫዋች ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በይበልጥ ስለዚህ ነው። በጨዋታው ችሎታ ብቻ ቢሆንማ ከእርሱ ጋር የሚስተካከሉ ሌሎችም ነበሩ። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ በአገራችን የተለመደ ስላይደለ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በየወገኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ይሰለፋል። ከአንዱ ወገን ወርዋሪው ትንሽ ጠንካራ ኳስ በኃይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን ተራ የደረሰው ሰው በዱላ ይመታታል። የመታ ሰው ሦስቱን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ ከተነሣበት ስፍራ በደኅና ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። ወርዋሪው ሳያስተውል ካንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሮጦ መድረስ መስረቅ ይባላል፤ ሌብነት ሆኖ የሚያስመሰግን ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ታላላቆቹ ቡድኖች ከሚያዝያ ወር እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በዚያን ጊዜ 154 ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

በእነዚህ ታላላቅ ቡድኖች ውስጥ ግን ጥቁር ሰው አይገባም ነበር። ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ1884 ዓመት ለቶሊዶ ከተማ ቡድን ተጫውቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የቡድኖቹ ባለቤቶች በልብ ተስማምተው ያጸኑት ልማድ ነው። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ የሚሽረው ዳኛ ስለማይገኝ ከተጻፈው ይልቅ የከፋ ነው። ስለዚህ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ቡድኖች አቋቁመው ከስድሳ ዓመት በላይ ለብቻቸው ተጫወቱ።

ጃኪ ሮቢንሰን ጥር 31 ቀን 1919 ዓመት በጆርጂያ ግዛት ካይሮ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ድኾች ነበሩ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ እናቱ ወይዘሮ ማሊ አምስት ልጆቻቸውን ይዘው በ1920 ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደዱ፤ በፓሳዲና ከተማም በሰው ቤት እያጸዱና እያጠቡ አሳደጓቸው። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936 ዓመት በበርሊን በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር በ200 ሜትር ሩጫ ጄሲ ኦወንስን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣ ነው። ጃኪም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓይነት ጨዋታ የዩኒቨርሲቲውን የክብር ምልክት አገኘ፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ትምህርት ቤት ይህን ያደረገ አልነበረም።

በጦርነቱ ዘመን የጦር መኰንን ሆነ። በ1944 ዓመት በቴክሳስ ግዛት ባለው ካምፕ ሁድ በወታደር አውቶቡስ ተቀምጦ ሲሄድ ነጂው ወደ ኋላ ሂድ ቢለው እንቢ አለ። ስለዚህ ነገር በጦር ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ መኰንኖቹም መርምረው በነፃ ለቀቁት። ይህን መጥቀሳችን በኋላ የታየው ትዕግሥት ከፍርሃት የመጣ እንዳይመስል ነው። ሮቢንሰን በተፈጥሮው ቍጡና መብቱን የማያስነካ ሰው ነበረ።

በ1945 ዓመት ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ለተባለው የጥቁሮች ቡድን ሲጫወት ሳለ የብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን አስተዳዳሪ ሚስተር ብራንች ሪኪ ነሐሴ 28 ቀን አስጠሩት። ሚስተር ሪኪ ሃይማኖተኛና ንግድም የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ የልማዱ ክፋት እንዳሳዘናቸው እውነት ነው፤ ጥቁር ተጫዋች ያገኘ ቡድን እንደሚያሸንፍና ተመልካች እንደሚያበዛም አልጠፋቸውም። ሁለቱ አሳብ በአንድ ሰው ልብ መኖሩ ሥራውን የሚያሳንሰው አይመስለንም። በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ይዘውት፥ አንድ ጊዜ እንደ ባለጌ ተመልካች፥ አንድ ጊዜ እንደ ሆቴል ቤት ጸሓፊ እየሆኑ በፊቱ ሰደቡት። የፈለጉት መልስ የማይመልስ ሰው ነበር። መልስ የሰጠ እንደ ሆነ ጥቁርና ነጭ አብረው ሊጫወቱ አይችሉም ለሚሉት ማስረጃ ይሆንላቸዋልና። ሮቢንሰንም ነገሩን መዝኖ ተስማማ።

በመጀመሪያ በካናዳ ወዳለው የሞንትሪያል ቡድን ተላከ። በ1946 ዓመት በዚያ ማኅበር ከመቺዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። የሞንትሪያል ሕዝብ እጅግ ወደደው።

በ1947 ዓመት መጀመሪያ ወደ ብሩክሊን እንደሚያልፍ በታወቀ ጊዜ መከራው ከገዛ ቡድኑ ተነሣ። ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ተጫዋቾች ከእርሱ ጋር አንሰለፍም የሚል ማመልከቻ ማዘጋጀት ጀመሩ። አሠልጣኙ ሚስተር ሊዮ ዱሮቸር ይህን በፓናማ ሳሉ ቢሰሙ በሌሊት ከመኝታ አስነሥተው ሰበሰቧቸውና የማይወድ መሄድ እንደሚችል ቁርጡን ነገሯቸው። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ዱሮቸር በሌላ ምክንያት ለአንድ ዓመት ከሥራ ታገዱ። ስለዚህ ሮቢንሰን የደገፈውን አሠልጣኝ አጥቶ፥ ተጫውቶበት በማያውቀው በመጀመሪያው ማረፊያ ጠባቂነት ሥራውን ጀመረ።

አፕሪል 15 ቀን 1947 ዓመት፥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1939 ዓመተ ምሕረት፥ በኤቤትስ ሜዳ 25 ሺህ የሚያልፍ ሕዝብ ተሰበሰበ። ሮቢንሰን በዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አጥርቶ መምታት አልሆነለትም። ነገር ግን በሰባተኛው ዙር ኳሷን ቀስ አድርጎ ነክቶ ሲሮጥ ጠላቶቹ ተሳሳቱ፤ እርሱም ዞሮ ቡድኑን ያስቀደመውን ነጥብ አስገባ። ብሩክሊን የቦስተንን ቡድን 5 ለ 3 አሸነፈ።

ከሳምንት በኋላ የፊላደልፊያ ቡድን መጣ። አሠልጣኙ ቤን ቻፕማን ተጫዋቾቹን አስከትሎ በሮቢንሰን ላይ ያወረደው ስድብ በዚህ ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚገባው አይደለም፤ ስለ ዘሩ፥ ስለ መልኩ፥ ስለ ቤተ ሰቡ ያልተናገሩት አልነበረም። ሮቢንሰን ከኋላ ዘመን በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ፥ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ዱላውን ጥሎ ወደ እነርሱ ሊሄድ ከምንጊዜውም ይልቅ የተቃረበው በዚያ ቀን እንደ ነበረ ገልጿል። አልሄደም። በስምንተኛው ዙር መታና በመጀመሪያው ማረፊያ ደረሰ፤ ሁለተኛውን ሰረቀ፤ ጠላት ሲሳሳት ወደ ሦስተኛው አለፈ፤ ጓደኛውም ሲመታ ገባ። ጨዋታው በዚያች ነጥብ ብቻ 1 ለ 0 አለቀ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ፍሬ ግን ተገኘ። በመጀመሪያ በመምጣቱ ደስ ያላላቸው የብሩክሊን ተጫዋቾች፥ ያውም በደቡብ የኖረው ኤዲ ስታንኪ ጭምር፥ መልስ እንዳይሰጥ የታሰረን ሰው መስደብ ወንድነት አለመሆኑን ወደ ፊላደልፊያዎቹ ጮኸው ተናገሩ። እስከዚያ ቀን ሮቢንሰን በቡድኑ ውስጥ እንግዳ ነበር። ቻፕማን ሊያስወጣው ፈልጎ ይልቁን ከወንድሞቹ ጋር አስታረቀው።

በግንቦት ወር የሴንት ሉዊስ ቡድን ተጫዋቾች ከሮቢንሰን ጋር ላለመጫወት ሥራ ሊያቆሙ አስበዋል የሚል ወሬ በኒው ዮርክ ጋዜጣ ወጣ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሚስተር ፎርድ ፍሪክ ይህን የሚያደርጉ ሁሉ እንደሚታገዱ አስታወቁ፤ ጨዋታውም ሳይቋረጥ ቀረ። በዚያው ወር ቡድኑ ወደ ፊላደልፊያ ሲሄድ የሚያርፍበት ሆቴል በእርሱ ምክንያት አልቀበልም ብሎ መለሳቸው። እገድልሃለሁ የሚል ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። ወርዋሪዎችም በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ በኳስ አካሉን መትተውታል። ማታ ሲመለስ የሚጠብቁት ባለቤቱ ወይዘሮ ራሔልና ገና ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ነበሩ፤ በዓመቱ መጀመሪያ መኖሪያ ቤት እንኳ አጥተው በሆቴል ክፍል ይኖሩ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ሃያ ጊዜ ቆሞ አንድም ምት ሳያገኝ ቀርቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከቡድኑ ቢያስወጡት ማንም አይገረምም ነበር። አሠልጣኙ ሚስተር በርት ሾተን ታገሡት። በሰኔ ወር ግን 21 ጨዋታ በተከታታይ ሳይመታ የወጣበት ቀን አልነበረም። በሐምሌ ላሪ ዶቢ የሚባል ሌላ ጥቁር ተጫዋች ወደ ክሊቭላንድ ገባ፤ በነሐሴም ዳን ባንክሄድ በብሩክሊን ወርዋሪ ሆኖ ቆመ። በዚሁ በነሐሴ የሴንት ሉዊሱ ኢኖስ ስሎተር ሲሮጥ በጫማው ሹል ብረት የሮቢንሰንን እግር ረገጠው፤ ሰውየው ሆን ብዬ አይደለም አለ። ሮቢንሰን እግሩን አሽቶ ጨዋታውን ቀጠለ።

ዓመቱ ሲፈጸም ብሩክሊን 94 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፎ፥ ሴንት ሉዊስን በአምስት ጨዋታ በልጦ የማኅበሩ አንደኛ ሆነ። ሮቢንሰን 151 ጊዜ ተሰልፎ 125 ነጥብ አስገባ፤ ከሺህ ሲታሰብ 297 ጊዜ መታ፤ 29 ማረፊያ በመስረቅም ከማኅበሩ አንደኛ ወጣ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሚባለው ሽልማት በዚያ ዓመት ተጀምሮ ለእርሱ ተሰጠ። ሜዳውን 1 ሚሊዮን 800 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ተመለከተው፤ ብሩክሊን ይህን ያህል ተመልካች አይቶ አያውቅም ነበር። የሮቢንሰን ደመወዝ ግን ለዓመቱ 5 ሺህ ዶላር ብቻ ነበረ።

በመጨረሻው ውድድር ብሩክሊን የኒው ዮርክ ያንኪስን ገጠመ። በአራተኛው ጨዋታ የያንኪሱ ወርዋሪ ቢል ቤቨንስ አንድም ምት ሳያስመታ እስከ ፍጻሜው ደርሶ፥ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረው ኩኪ ላቫጌቶ መታበትና ብሩክሊን 3 ለ 2 አሸነፈ። ነገር ግን ያንኪስ በሰባተኛው ቀን 5 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ብሩክሊን ዋንጫውን ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1955 ነው፤ ሮቢንሰንም በዚያ ውስጥ ነበረበት።

ከቃል ኪዳኑ ከተፈታ በኋላ ሮቢንሰን ዝምታውን ትቶ ለዳኛውም ለባላጋራውም መልስ የሚሰጥ ሆነ፤ በዝምታው ጊዜ ያመሰገኑት አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ትዕቢተኛ ብለው ጠሉት። በ1949 ዓመት የማኅበሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከ1956 ዓመት ጨዋታ በኋላ ሜዳውን ተወ፤ በ1962 ስሙ በታላላቅ ተጫዋቾች መዝገብ ገባ። ቀሪውን ዕድሜውን በንግድ ሥራና ለጥቁሮች መብት በመከራከር አሳለፈ። የስኳር በሽታ አካሉን ጐዳው፤ ዓይኑንም አደከመው። የበኵር ልጁ በ1971 ዓመት በአውቶሞቢል አደጋ ሞተበት።

ጥቅምት 15 ቀን 1972 ዓመት በሲንሲናቲ ከተማ በሕዝብ ፊት ለክብር በቀረበ ጊዜ፥ ፀጉሩ ሸብቶ፥ ማየት ተስኖት፥ ምስጋና ካቀረበ በኋላ አንድ ቡድን በጥቁር አሠልጣኝ ሲመራ ለማየት እንደሚመኝ ተናገረ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ በ53 ዓመቱ ሞተ። ስሙ ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ፥ በዝምድና ግን የማይገናኘው ፍራንክ ሮቢንሰን በ1975 ዓመት በሚያዝያ ወር የክሊቭላንድ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ቆመ።