በገዛ አፍንጫው የተመራመረው ሐኪም

ጎንደር ውስጥ ደጋግማችሁ ካስነጠሳችሁ መካሪ አይጠፋም። አንዱ በብርድ ያሳብባል፣ ሌላው በሳይነስ። ከ160 ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነበር። በየበጋው የሚመጣውን ማስነጠስና የዓይን እንባ አንዱ ከሙቀት፣ ሌላው ከድርቆሽ ሽታ ያያይዘው ነበር። ክርክሩን የፈታው ራሱ በሽተኛ የነበረ ሐኪም ነው፤ ቻርልስ ሃሪሰን ብላክሊ።

ብላክሊ የተወለደው በ1820 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ወጣትነቱን ያሳለፈው በኅትመት ሥራ ሲሆን ከዚያው ጎን ለጎን ስለ ዕፅዋትና ስለ ማይክሮስኮፕ ይማር ነበር። ሐኪም የሆነው ሠላሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው።

በ1859 ልጆቹ ከሜዳ ለቅመው ቤት ያስቀመጡትን ያበበ ሣር ነካ ሲያደርገው ብናኙ ቦነነ፤ እሱም ማስነጠሱን ጀመረ። ነገሩን በቀላሉ አላለፈውም። የአበባ ብናኝ (ፖለን) ሆን ብሎ ወደ አፍንጫው ሳበ። ክንዱን ጫር ጫር አድርጎ ብናኙን ቀባው፤ ቦታው አበጠ፣ አሳከከው። ዛሬ የአለርጂ ሐኪሞች የሚሠሩት የቆዳ ምርመራ መነሻው ይኸው ነው። የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ መስታወት ውጭ እያስቀመጠ ብናኙን በየቀኑ ቆጠረ። ካይት አስነስቶም ሰማይ ላይ ያለውን ለካ። ውጤቱን በ1873 በመጽሐፍ አወጣ፤ ቻርልስ ዳርዊንም ስለ ሥራው ተጻጽፎታል።

አንድ እንቆቅልሽ ግን ቀረበት። ከሁሉም በላይ የአበባ ብናኝ የሚተነፍሰው ገበሬው ነው፤ የሚታመመው ግን በአብዛኛው ከተሜው ነበር። ብላክሊ ገበሬው ለምዶት ይሆናል ብሎ ገመተ። የኖረው የፋብሪካ ጭስ በሸፈናት ከተማ ነበር፤ ጭሱ በነገሩ ምን ድርሻ እንዳለው ሳይታወቅ በ1900 አረፈ።

ከመልሱ ከፊሉ የመጣው ከጃፓን ነው። ኒኮ በሚባል አካባቢ፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተተከሉ የጥድ ዓይነት ዛፎች መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሲያጠኑ፣ መኪና በሚበዛበት የዛፎቹ መንገድ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ከዚያው ዛፍ ደን አጠገብ ከሚኖሩት ይልቅ በአለርጂው ይጠቁ ነበር። የብናኙ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ የተለየው የመኪናው ብዛት ነው።

ጭሱ ምን ያደርጋል? ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ፀሐይ ከጭሱ የምትፈጥረው ኦዞን የብናኙን ፕሮቲን ይቀይሩታል፤ ሰውነታችንም የባሰ ጠላት አድርጎ ሊያየው ይችላል። የብናኙ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ደቅቆ ይወጣና እስከ ሳንባ ይዘልቃል። የናፍጣ ጥላሸት ደግሞ ፕሮቲኑን ተሸክሞ ይጓዛል፣ የአፍንጫችንንም ስስ ቆዳ ያቆስላል። በርግጥ ጭስ ብቻውን አይደለም፤ ከከብት ጋር ማደግ ከአለርጂ እንደሚከላከል ከብላክሊ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን አጸድ የሞሉት ጽድና ወይራ ብናኛቸውን የሚልኩት በነፋስ ነው። ጽድ የጃፓኑ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ወይራም በሜዲትራኒያን አገሮች በአለርጂ ከሚታወቀው ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው። እነዚህ ዛፎች በጎንደርና በደጋው ሲኖሩ አዲስ አይደሉም። አዲሱ ነገር ከአዘዞ ሽቅብ የሚወጣው የአይሱዙ ጥቁር ጭስ፣ ባጃጁ፣ በየሰፈሩ የሚቃጠለው ፌስታል ነው።

ስለዚህ ነገ አፍንጫችሁ ሲፈስ ዛፉ ይቆረጥልን ለማለት አትቸኩሉ። ዛፉ ጥላችን ነው፤ አቧራውንም ይይዝልናል። ቆሻሻ አለማቃጠል፣ የቆመ መኪና ሞተር ማጥፋት፣ አቧራና ጭስ ሲበረታ አፍንጫን በነጠላ ወይም በማስክ መሸፈን በእጃችን ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብላክሊ የብናኙን ድርሻ በገዛ አፍንጫው ከፍሎ አሳይቶናል። የጭሱን ድርሻ መቀነስ የኛ ፋንታ ነው።